የዓመት ካርድ

«እማማ፣ የዓመት ካርድ ቢገዙ ያዋጣዎታል» አለቻቸው የመጫወቻ ፓርኩ ትኬት ሻጭ።

«ምን ያደርግልኛል? የጠፋችውን ዶሮዬን ያገኝልኛል? የዛሬን ብቻ ቁረጪልኝ፤ እሱንም ይቺ የልጄ ልጅ ነዝንዛኝ ነው!» አሉ አሮጊቷ።

ልጅቷን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ማርያም ማርያም እያሉ፣ ወንበሮች በተንጠለጠሉበት ትልቅ መንኮራኩር ሽቅብ ወጡ። አናቱ ላይ ዓይናቸውን ሲገልጡ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ከእግራቸው ሥር ነው። ጎረቤታቸው አስካለ ሰው እንዳያይባት በቆርቆሮ የከለለችው ግቢም ወለል ብሎ ይታያል። ገብስማዋ ዶሮአቸው እዚያ እግሯን ታስራ ትጭራለች።

«አንቺ ሌባ! አገኘሁሽ!»

እንደወረዱ ወደ መስኮቱ ገሰገሱ። «የዓመቱን ካርድ አምጪ!»

«ተራዎን ይጠብቁ እማማ፤ መጀመሪያ የቆዩ ደንበኛችንን ላስተናግድ።»

ከፊታቸው ቆማ የአምና ካርዷን የምታሳድሰው አስካለ ነበረች።