ጠዋት ጠዋት የምትለግም መኪና

መምህር መንግሥቴ ከልቡ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ በሰቆጣ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መጋዘን ጎን ያለችው ባዶ ክፍል። ወርክሾፕ ሊያደርጋት ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ካሤ ግን ክፍል በምኞት የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

በ1996 ዓ.ም. ዕድል በካርቶን መጣች። እየተገጣጠመ መኪና የሚሆን የፕላስቲክ ጡብ ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ተላከ። ጎማ አለው፣ ጥርሳም ጎማ አለው፣ ሞተር ብቻ የለውም።

«ሞተር ፈልገህ በወላጆች ቀን ካስኬድካት ክፍሏ ያንተ» አሉ አቶ ካሤ። «ካልሄደች ካርቶኑ ለጽጽቃ ትምህርት ቤት፣ ክፍሏ ለተሰባበረ ወንበር።»

«ይቺማ ምን አላት!» አለ መንግሥቴ። አፉን ቢቆርጠው ይሻለው ነበር።

መጀመሪያ ያመጣው ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። ጉልበት ነበረው። ሲጭናት ግን የመኪናዋ ሆድ መሬት ነካ፤ ሞተሩ ከነጎማዋ ከእሷ ይከብዳል። መንግሥቴ ራሱ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሳለ ክብደት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

ከዚያ አሮጌ ቴፕ እየፈታ ወደሚሸጠው ወደ ሰላሕ ሱቅ ሄደ። የቴፕ ሞተር ቀላል ነው፤ ፈጣን ነው፤ ጉልበት ግን የለውም። መንግሥቴ ትንሹን ጥርሳም ጎማ ከትልቁ አገናኝቶ ፍጥነቱን በጉልበት ለወጠው። ፍጥነቷን የሚቆጣጠርበትንም ከኤሌክትሪክ ምድጃ በወጣ ጥቅል ሽቦ ሠራ፤ መቆንጠጫውን በሽቦው ላይ ወዲህ ሲስብ ትሮጣለች፣ ወዲያ ሲገፋ ታዘግማለች። ሽቦውን ከአራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠ።

ማታ ቤት ውስጥ ሞከራት። በረረች! ከእንስራው ጋር ተላትማ ቆመች። ያሳደጉት አክስቱ እማማ ወለተ ሐና እልል አሉ።

እማማ የማታ ተማሪው ናቸው። የነገውን ትምህርት ጮክ ብሎ ሲለማመድ እጃቸውን አጣምረው ያዳምጡታል። «የኃይል ሁሉ ምንጭ ፀሐይ ናት» ሲል «አሜን» ይላሉ። እንደሳቸው የሚሰማው ተማሪ ክፍል ውስጥ አንድም አልነበረውም። ያን ማታም ቆርቆሮውን ጸሎት እንዲያርፍበት ብለው ከራስጌያቸው አሳደሩት።

በማግስቱ መምህራኑ ተሰበሰቡ። መኪናዋ አቃሰተች፣ ጥቂት ተንፏቀቀች፣ ቆመች።

«ጾም ይዛለች እንዴ?» አለች መምህርት ብርሃን።

መንግሥቴ በቀጥታ ወደ ሰላሕ ገሰገሰ።

«ጋሽ ሰላሕ፣ የሸጡልኝ ሞተር ማታ ይሮጣል፣ ጠዋት ይተኛል!»

«የሸጥኩልህ ሞተር እኮ ነው መምህር፣ በቅሎ አይደለም። አመል ከየት ያመጣል? ይልቅ ድንጋይ ልስጥህ?»

«ድንጋዩን ትናንት በገዛ እጄ ነው ከነላስቲኩ የከፈትኩት!»

ነጋዴ ምንጊዜም ነጋዴ ነው፤ በሰው ሐዘን መሐል እንኳ ይሸጣል። መንግሥቴ ሌላ ሞተር መርጦ ወሰደ። አዲስ ሞተር በአዲስ ድንጋይ ነው የሚፈተነው፤ ሳይንስ ነዋ። ስለዚህ ድንጋይም ገዛ፣ የበፊቱን ለእማማ ሰጣቸው። ማታ በረረች። ጠዋት ተኛች።

ሦስተኛውን የቴፕ ሞተር ሲገጥም ጥፋተኛው የሰቆጣ ብርድ ነው ብሎ ደመደመ፤ የሞተሩ ቅባት እየረጋ ነው። መኪናዋን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ በገበያው መሐል ትምህርት ቤት ወሰዳት። መንገደኛው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረች» አለው። እሷ ግን በጋቢም አልሞቃትም።

እንግዲህ የቀረው ሰላሕ ብቻ ነው። ሰውየው ነፍሳቸው ልትወጣ የደረሱ ሞተሮችን እየለቀመ ይሸጥለታል ማለት ነው። መንግሥቴ ይህን ቤቱ ተቀምጦ እንዳያብሰለስል የእማማ ሬዲዮ አላስቀምጥ አለው። ድሮ ጆሮ ካልተለጠፈበት የማይሰማው ሬዲዮ፣ አሁን ዜናውን ለጎረቤት ሁሉ ያድላል።

«እማማ፣ እባክዎ ይቀንሱት!»

ራሱን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። በካቡ ላይ፣ ከተሰጣው በርበሬ ጎን፣ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ያለቁ ድንጋዮች ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ቆሞ ስለ ሞተር አሰበ።

ለወላጆች ቀን ሰላሕን ለምኖ፣ ገላምጦ፣ ምርጥ የተባለውን ሞተር አወጣ። ዋዜማውን መኪናዋ ከግድግዳ ግድግዳ ተወረወረች። እማማ ቆርቆሮውን እንደ ልማዳቸው ከራስጌያቸው አሳደሩ። በማግስቱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ።

መንግሥቴ መቆንጠጫውን እስከ መጨረሻው ሳበ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ሄዳ ቆመች። አንዱ ወላጅ ሳል ይሁን ሳቅ የማይለይ ድምፅ አሰማ። ከቀትር በኋላ ካርቶኑ ወደ ጽጽቃ በሚሄድ መኪና ተጫነ፣ ወደ ክፍሏም የተሰባበረ ወንበር ይገባ ጀመር። መንግሥቴ ቆሞ አየ።

ወደ ቤት ሲመለስ ሰላሕ ከሱቁ በር ላይ ሰላም አለው። አልመለሰለትም።

ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ዘፍ አለ። እማማ ሬዲዮውን ዘግተው አጠገቡ ተቀመጡና ጀርባውን ዳበሱት።

«የሰው ዓይን ነው ልጄ እንጂ ኃይልስ አልጎደላትም፤ እኔ እንዳስተማርከኝ ማታ ማታ ብርዳሞቹን የሱቅ ድንጋዮች ለሬዲዮዬ እያወጣሁ፣ ፀሐይ የጠገቡትን ከካቡ ላይ እየመረጥኩ ስከትላት ነበር።»