ደረቅ ቅጠል ብቻ

ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ከጂንካ ታጣቂ በመጣ ቁጥር ባሌ ደበሌ ጓሯችን እንሰቱ መሃል ይደበቃል። የሚደበቅበትን ልብስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጆንያ ላይ ቃጫ ጠልፌ፣ በቃጫው ደረቅ የእንሰት ቅጠል አሰርኩበት።

"እርጥብ እንዳታስገቢ፤ ቀትር ላይ ጠውልጎ ያስይዘኛል" ስላለኝ እያንዳንዱን በእጄ እያሸሁ ነው የመረጥኩት። ያልተንኮሻኮሸውን ሁሉ ጣልኩ።

ማክሰኞ ታጣቂዎቹ መጡ። አንዱ ከደበሌ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ሸና፤ አላየውም። እስከ ሐሙስ ከመንደሩ ስላልወጡ ደበሌም ከተቀመጠበት አልተነሳም። ውሃ እንኳ ሳላደርስለት ቀረሁ።

እንደሄዱ ሮጬ ደረስኩ።

"ሄደዋል፣ ተነስ! ውሃ ጥም አልገደለህም?"

"ትናንት ዘንቦ የለ እንዴ?" አለኝ። አልተነሳም።

ትከሻው ላይ አንድ ለምለም ቅጠል አየሁ። ቀትር አልፎበታል፤ አልጠወለገም።

"ይሄን ደግሞ ማን ጨመረው? ልታስይዘን ነበር እኮ!" ብዬ በንዴት ሳብኩት። አልነቀል አለኝ። ጠበቅ አድርጌ ስደግመው ጫፉ እጄ ላይ ተበጠሰ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ወሰንየለሽ" አለኝ ደበሌ። "አመመኝ።"