በእናቱ ስም

ሰው የስሜን ተራሮችን በዕድሜው አንዴ ብቻ እንዲያይ ከተደነገገ ቆይቷል። ፈንታሁን እናቱን፣ ወይዘሮ ስንዱን፣ ከስንት ውትወታ በኋላ ዛሬ በመኪናው ወደ ስሜን ፓርክ ይዟቸው መጣ። የበሩ ጠባቂ መዝገቡን አይታ፣

"እማማ፣ እርስዎ እኮ ከስምንት ዓመት በፊት አይተዋል" አለቻቸው።

ያኔ የራሱን ተራ ላለመጨረስ በእናቱ ስም የገባው ፈንታሁን ነበር። ዓይኑን ከመኪናው መሪ ላይ አላነሳም።

እናቱ ዞር ብለው አዩት። ከዚያም ለጠባቂዋ፣ "እውነትሽን ነው ልጄ፣ ረስቼው ነው" አሉ።

"ዓይንዎን ሸፍነው ማለፍ ይችላሉ።"

ለመንገዱ ብለው ያጠቡትን ነጠላ ዓይናቸው ላይ አሰሩ። መኪናው ጠመዝማዛውን ወጣ፤ ገደሉ ወለል ብሎ ታየ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። ፈንታሁን ከመንገዱ ቀና ማለት አቃተው።

"ያኔ ስታየው ያምር ነበር?" አሉት በእርጋታ።

"አዎ፣ እማዬ" አለ።