ሙና የማትችላቸው ነገሮች

«እማ፣ ኸረ ቶሎ በይ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ» ትለኛለች ሰዒዳ። ትልቋ ልጄ ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ዓይኗን ሳትከድን፣ ይችን ወረቀት ልትሞላልኝ ደሴ፣ ሆጤ ድረስ መጥታለች። እኔ ቁርኣን እቀራለሁ እንጂ የአማርኛ ፊደል አላውቅም።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው። ሙና በልዩ ፍላጎት ክፍል ትቆይ፣ አትቆይ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ዛሬ ይወስናል። የመጨረሻ ልጄ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክፍሉ የሚይዘው አሥር ልጅ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ካስወጧት ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ነው የሚከቷት። አምና አንድ ሳምንት ሞክረውት ነበር። በአራተኛው ቀን ሳያዩዋት ከግቢ ወጣች። ስንፈልግ ውለን፣ መግሪብ ሲል ሸዋ በር ላይ ከቆመ አይሱዙ ጎማ ስር ተቀምጣ አገኘናት።

«ጥያቄው ይኸ ነው» ትላለች ሰዒዳ። «ተማሪዋ ያለ ሰው እርዳታ የማትችለው ምንድን ነው?»

«አልሐምዱሊላህ በይ።»

«እማ!»

«ምን ልበል ታዲያ? አላህ የሰጠኝን ልጅ ጎደለች ብዬ ልክሰሰው?»

እስክሪብቶውን ታስቀምጥና የድሮውን ወረቀት ከፌስታሉ አውጥታ ታነባለች። አምና፦ ምንም አይጎድላትም፣ አልሐምዱሊላህ። ካቻምና፦ ደህና ናት፣ ለጌታ ምስጋና ይግባው።

«ልትድሪያት ነው እንዴ? ሽማግሌ የመጣብሽ ነው የሚመስለው» ትላለች። ልትስቅ ነበር፤ አልመጣላትም። «ኮሚቴው ይችን አንብቦ ነው ተሽሏታል ያለው። የሙና መምህርት እየሩስ ትናንት ደውላ ምን አለችሽ?»

ያለችኝማ ከጆሮዬ አልወጣም። «እማማ መርየም፣ ልጅቷን የሚያስወጣት እኮ የእርስዎ ወረቀት ነው» ነው ያለችኝ። ልጄን ሰው ፊት ላለማዋረድ፣ ጌታዬን ላለማማረር ብዬ ያስጻፍኩት ወረቀት።

ሙና ጓዳ ናት፤ ለራሷ መንዙማ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

«ጻፊ። አስፋልት ብቻዋን አትሻገርም።»

ትጽፋለች።

«ስሟን አትጽፍም። እሳት አትፈራም፤ ፍም በእጇ ታነሳለች። የማታውቀው ሰው ነይ ካላት ትሄዳለች።» ወደ ጓዳው በር አያለሁ። «የወር አበባዋ ሲመጣ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ የምትሞት ይመስላታል፤ ትጮሃለች። እስክትተኛ ይዣት ነው የማድረው። ያረቢ አፉ በለኝ።»

«አብሽሪ እማ። ቀጥይ።»

እቀጥላለሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ከአፌ ያልወጣ ነገር አንዴ ከተከፈተ ወዲህ መቆሚያ አጣ። ገጹ ይሞላል፤ ትገለብጠዋለች።

«ቤት ውስጥ የሚረዳት ሰው» ብላ ታነባለች፤ እናት ብላ ትጽፋለች። «ሌላ የሚረዳት ሰው...»

ሦስቱ ትልልቆቹ አግብተው ወጥተዋል። ሰዒዳም ሁለት ሕጻን አለባት፣ ፈረቃ አለባት። አልፈርድባትም። አቀርቅራ በቦታው ላይ ትንሽ ጭረት ታደርጋለች። ፊደል አላውቅም፤ ያችን ጭረት ግን አነበብኳት። እኔ የሞትኩ ቀን፣ ሙና ያለችው እዚያች ጭረት ላይ ነው።

የጓዳው በር ይከፈታል። ሌላ ቀን የማለብሳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ወረቀቱ ይዞኝ ረሳኋት። ራሷ ለብሳለች። የዩኒፎርሟ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ስቶ አንዱ ወገን ተንጠልጥሏል። ሒጃቧ በግልባጩ ነው። የግራ ጫማዋ ቀኝ እግሯ ላይ ነው።

እጄ ከኔ ቀድሞ ሄዶ የአንገቷን ቁልፍ ፈቷል።

«እማ» ትላለች ሰዒዳ ከኋላዬ፣ ቀስ ብላ።

እጄ እዚያው ቆመ። በየዓመቱ ኮሚቴው ፊት ያቆምኳት እኔ ያጠብኳትን፣ እኔ ሹሩባ የሠራኋትን፣ እኔ አስተካክዬ ያለበስኳትን ልጅ ነው። ዛሬም አሳምሬ ብወስዳት፣ ይኸን ሁሉ ጽሑፍ ማን ያምነኛል?

የፈታሁትን ቁልፍ መልሼ ቆለፍኩት። እሷ ባስገባችበት ቀዳዳ።

«እኔ ለበስኩ» ትላለች ሙና፣ ደረቷን ነፍታ። «ብቻዬን! አማርኩ?»

«ማሻአላህ» እላታለሁ። «በጣም አምረሻል፣ የኔ እናት።»

ቁልቁለቱን ከፊታችን ትወርዳለች። ኮብልስቶኑ ላይ ጫማዋ እየጣላት፣ ያገኘችውን ሁሉ አሰላሙ አለይኩም ትላለች። ሱቁ በር ላይ ያሉት ሴቶች እሷን ያያሉ፤ ከዚያ ዞረው እኔን ያያሉ። እኔ በጅልባቤ ውስጥ አንዱን እጄን በሌላው ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ።