ቶሎ ክሳልኝ

ጎመኑ ቅቤም ዘይትም ያልነካው ቅቅል ነበር። በሰበታ ብርድ ሳይቀዘቅዝበት፣ እህቱ ከቡራዩ አዘጋጅታ የላከችለትን የመከለሻ ብልቃጥ ከፈተና አሸተተው፤ ኮረሪማውም ቅርንፉዱም ገና አልደከሙም። ኩላሊቱን ሊሰጣት ሲነሳ ሐኪሞቹ «መጀመሪያ ውፍረትህን ቀንስ» ስላሉት ነበር ቅመሙን የቀመመችለት። «ቅቤው ቢቀር ሽታው አይቅርብህ» ብላው ነበር በስልክ እየሳቀች። «ሰው ወንድሙን አትክሳብኝ ይላል፤ እኔ ግን ወንድምዬ፣ ቶሎ ክሳልኝ።»

በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ፣ እሷ እንዳለችው መጨረሻ ላይ፣ በእንፋሎቱ ላይ ነሰነሰው። ብልቃጡን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ከደነና አጠገቡ አስቀመጠ።

ጥቁር የለበሰችው ሚስቱ ቆማ ስታየው ቆየች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቅቤ የጠገበ ሽሮ ይዛ መጣችና ፊቱ አኖረችለት።

«በቃህ እንግዲህ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አፈር አልብሰናት መጣን። ከእንግዲህ ለማን ብለህ ነው የምትከሳው?»

ሽሮውን ቀስ ብሎ ወደ እሷ ገፋና ከጎመኑ ጎረሰ።

«ሁለት ኪሎ እኮ ነው የቀረኝ» አላት።