ስልኩን እንዳይዘጉት

«ስልኩን እንዳይዘጉት፣ እናቴ! ከዘጉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች። የፈራችው ደረሰ። እሷ እንደሆነ የማትፈራው ነገር የለም፤ ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፣ ሰማይ ከጠቆረ መብረቅ የሚፈልገው የእሷን ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የልጇ ነው። ነገ አስተማሪዎቿ ፊት የምታቀርበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሁለት ዓመት ድካሟ፣ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

«ምን ሆኖ ነው፣ ልጄ?»

«ቫይረስ ገብቶበታል። የምደውለው ከኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ነው። ይኸው እዚህ ስክሪኔ ላይ እያየሁት ነው፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየበላቸው ነው።»

«እግዚኦ! ምን ያህሉን በላ?»

«ግማሹን። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው መልእክት ይገባል። እሱን ያንብቡልኝና እዚሁ ሆኜ አድነዋለሁ።»

መልእክቱ ወዲያው ጢው ብሎ ይገባል። ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ መነጽሯን ፍለጋ ወደ ልጇ ክፍል ትሮጣለች።

መነጽሩ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነው። ኮምፒውተሩም እሷ በሰፋችለት ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ካልሰኩት የማይነሳ፣ አሮጌ ባለሣጥን ማሽን። ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ልጅቷ ጠዋት ስትወጣ፣ እሳት እንዳይነሳ ብላ የነቀለችው እናትየዋ ራሷ ናት። «እማ፣ አንቺ እኮ ብትደርሺባት ፀሐይንም ትነቅያት ነበር» ብላ ስቃባታለች።

ሣጥኑን በመዳፏ ትነካዋለች። ቀዝቅዟል።

«አሁንም እየበላ ነው?» ትላለች ቀስ ብላ።

«ሰባ በመቶ ደርሷል! ይፍጠኑ እንጂ!»

«በርቷል ማለት ነው?»

«ታዲያስ! እያየሁት።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ! ከሶኬት የነቀልኩትን ካስነሳህማ፣ የሞተውን ባለቤቴንም አስነሳልኝ።»

የደዋዩ ድምፅ ይለወጣል። «አንቺ ሴትዮ፣ እየቀለድኩ አይደለም! አምስት ደቂቃ ነው ያለሽ። ያለሽ ሁሉ ድምጥማጡ ሲጠፋ ታለቅሻለሽ!»

እውነት ቢሆንስ? ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የሚበላ ነገር ቢኖርስ? ገመዱን ታየዋለች፤ ገመዱ የትም አልሄደም።

«ስማ» ትለዋለች፣ «ልጄን ከወለድኳት ጀምሮ በሐሳቤ በቀን ሰባቴ ስቀብራት ነው የምውለው። አንተ በአምስት ደቂቃ ልታስፈራራኝ ነው? ሂድና ሥራ ፈልግ!»

ትዘጋዋለች። ከአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ስልክ ይጮኻል። ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ናቸው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«ሄሎ... ኮምፒውተር? አለኝ እንጂ... ምን ገባበት? ውይ በሞትኩት! እሺ፣ ቁጥሩን ላንብብልህ...»

ግድግዳውን በጡጫዋ ትደበድባለች። «እትዬ! እንዳይሰጡት! ሌባ ነው!»

አዋላጅዋ ጆሯቸው ከስልኩ ጋር ነው። «አራት...» ይላሉ።

በሯን ሦስቴ ቆልፋ፣ ተመልሳ ደግሞ እጀታውን ስባ ካላየች ከደጇ የማትርቀው ሴት፣ በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ነው። ከኋላዋ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።