የተረፈው በር

ባለቤቶቹ የባንክ ዕዳ መክፈል አቅቷቸው ለሐራጅ የወጣውን ቤት እኔ ገዛሁት። ልረከብ ስገባ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርገው ወስደዋል። በርና መስኮቱ ተነቅሏል፣ ሽቦው ከግድግዳው ተመዟል፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ እንኳ አልቀረም። «እጃቸው ይቆረጥ!» እያልኩ ክፍል ለክፍል ዞርኩ።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ በር ብቻ አልተነካም። ገፋ ሳደርገው መስኮቱም መጋረጃውም በቦታው ነው። ዓይናቸው የማያይ አንድ አሮጊት እናት ጋቢ ለብሰው አልጋ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አጠገባቸው ያለው የውሃ ጆግ ባዶ ነው።

ኮቴዬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ምትኩዬ፣ መጣህ ልጄ? ኳኳታው ካቆመ እኮ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እድሳቱ አለቀ?»